ሳልሞን ቆጠራ ለጀማሪ፦ ዜሮም ይጻፋል

ሲያትልና አካባቢዋ ለምትኖሩ ሐበሾች ነው ይህን የምጽፈው። ሬንተንም ኑሩ፣ ሬይኒየር ቫሊም፣ ዌስት ሲያትልም፣ በየዓመቱ ሳልሞን ከውቅያኖስ ተመልሶ እንቁላሉን የሚጥልበት ወንዝ ከቤታችሁ ብዙም ሩቅ አይደለም። እኔ ይህን ሳላውቅ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። ሥራዬ ሹፍርና ነው። በነዚያ ድልድዮች ላይ በቀን አሥር ጊዜ አልፋለሁ፤ አንገቴን አስግጌ ታች ምን እንዳለ ያየሁበት ቀን ግን አልነበረም።

አንድ ኖቬምበር ጠዋት አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ካርኪክ ፓርክ አድርሰኝ አሉኝ። እግራቸው ላይ የጎማ ቦት፣ ላያቸው ላይ የዝናብ ጃኬት፣ አንገታቸው ላይ በክር የተንጠለጠለ የጽሕፈት ሰሌዳ። ምን ሊሠሩ ነው ብዬ ብጠይቅ "ዓሣ ልቆጥር" አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፤ እሳቸው አልሳቁም። ስንደርስ ሌላ ጥሪ አልነበረኝምና ወርጄ ተከተልኳቸው። ቁርጭምጭሚት እንኳ በማይሸፍን ውኃ ውስጥ ክንድ የሚያክል ዓሣ ጀርባው ከውኃው በላይ ወጥቶ እየተንፈራገጠ ሽቅብ ይገፋል። ዓሣ ያየሁ አይመስለኝም ነበር፤ ውሻ ውኃ ውስጥ የገባ ነው የመሰለኝ። ያው ከዚያ ወዲህ እኔም ቆጣሪ ሆንኩ።

ሥራው ደመወዝ የለውም፣ ዲግሪም አይጠይቅም። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። እንዴት እንደሚሠራ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፦ ሳትቆጥሩ እዩ

ዓሣውን አንድ ቀን አጠገቡ ሆኖ በደንብ ያየ ሰው፣ በኋላ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ጥላውን ብቻ አይቶ ይለየዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ወረቀቱን ተዉትና ዝም ብላችሁ ዙሩ።

ለጀማሪ ቀላሉ ባላርድ ሎክስ ነው። ጀልባ ከባሕሩ ወደ ሐይቁ የሚያሻግረው ይህ በር የተመረቀው በ1917 ነው። ጎኑ ላይ ዓሣው የሚወጣበት 21 ደረጃ ያለው የውኃ መሰላል አለ፤ ከመሬት በታች ወርዳችሁ በመስታወት ታዩታላችሁ። በነጻ ነው። በጁላይ ሶክአይ፣ በኦገስት መጨረሻ ቺኑክ፣ በሴፕቴምበር ኮሆ የሚባሉት የሳልሞን ዓይነቶች ያልፋሉ። ልጆች ካሏችሁ አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው አንሄድም ይሏችኋል፤ ተዘጋጁ።

ሬንተን ላላችሁ ደግሞ ሴዳር ወንዝ አለላችሁ። የሬንተን ላይብረሪ የተሠራው ወንዙ ላይ ነው፣ እንደ ድልድይ። መስቀል ካለፈ በኋላ ባለው ጊዜ፣ በተለይ በኦክቶበር፣ ሄዳችሁ ከዚያ ወደ ታች ብታዩ ቀያይ ሶክአይ ተሰልፈው ልታገኙ ትችላላችሁ። ኢሳኳ ያለው የዓሣ ማራቢያም ጥሩ ነው፤ ኦክቶበር መግቢያ ላይ ባለው የሳልሞን በዓል ግን ፓርኪንግ ስለማታገኙ ሌላ ቀን ሂዱ። ካርኪክ ፓርክ ውስጥ ባለው ፓይፐርስ ክሪክ ቸም የሚባለው በኖቬምበርና በዲሴምበር ይመጣል፤ ለእኛ ሕዳር ሚካኤል አካባቢ ማለት ነው። ዌስት ሲያትል ውስጥ ሎንግፌሎ ክሪክ አለ፤ እሱ ላይ ኮሆ ነው፤ ስለሱ በኋላ በሰፊው እመለሳለሁ።

ቀጥሎ፦ አንድ ቦታ ያዙ፣ አንድ ቡድንም ተቀላቀሉ

ቆጠራ ማለት አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ መቆም ማለት ነው። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ካላችሁ ሽርሽር ይሆናል እንጂ ቆጠራ አይሆንም። ቦታ ስትመርጡ ውበቱን ትታችሁ ቅርበቱን እዩ። ከሥራ ስትወጡ የምታልፉበት ድልድይ ካለ እሱ ይበልጣል፤ በኖቬምበር ዝናብና ብርድ አርባ ደቂቃ ነድቶ የሚሄድ ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም። እኔ ራሴን ስለማውቅ ነው የምለው።

ከሕዝብ ድልድይ ወይም ከመናፈሻ መንገድ ላይ ቆሞ ማየት ፈቃድ አይጠይቅም። ውኃው ውስጥ መግባት፣ ዓሣውን መንካት፣ የሞተውንም ቢሆን ማንሳት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የፒዩጀት ሳውንድ ቺኑክ ከ1999፣ ስቲልሄድ የሚባለው የሳልሞን ዘመድ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተጠበቁ ናቸው። ፈቃዱን የሚያወጣው ቡድኑ ነው፤ እናንተ ሥልጠና ወስዳችሁ በሱ ሥር ትሠራላችሁ። ሥልጠናው ብዙ ጊዜ ወቅቱ ሳይጀምር በፊት ስለሆነ ከበጋው መጨረሻ ጀምራችሁ ጠይቁ፤ የከተማችሁን የመናፈሻ ክፍል፣ የካውንቲውን የውኃ ክፍል፣ ወይም ሎንግፌሎ ላይ ኮሆ የሚቆጥሩትን የፒዩጀት ሳውንድኪፐር ሰዎች። ቡሪየን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ሚለርና ዎከር ክሪክ ላይ የሚሠሩ የሰፈር ቆጣሪዎች አሉላችሁ።

እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብላችሁ አትፍሩ። ፎርሙ ላይ የሚሞላው አብዛኛው ቁጥር ነው።

የሚያዝ ዕቃ

ፖላራይዝድ መነጽር። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እሱን አትርሱ። ውኃው ላይ የሚያብረቀርቀውን ያጠፋላችኋል፤ ያለሱ የምታዩት ሰማዩን ነው። ውድ መሆን የለበትም፣ ቤንዚን ማደያ የሚሸጠውም ይሠራል። ከሱ ሌላ እርሳስ (እስክሪብቶ ዝናብ ላይ አይጽፍም)፣ ውኃ የማያበላሸው ወረቀት፣ ቴርሞሜትር፣ ሰዓት፣ በቴርሞስ ሻይ።

ቦታችሁ ውኃ ውስጥ የሚያስገባ ከሆነ ቦት ያስፈልጋል፤ ቦት ካለ ደግሞ ማጽዳት አለ። የኒው ዚላንድ ጭቃ ቀንድ አውጣ የሚባል የሩዝ ፍሬ የማያክል ነገር አለ፤ ኦሎምፒያ ካፒቶል ሐይቅ ውስጥ በ2009 ተገኘ። በጫማ ሶል ተጣብቆ ከወንዝ ወንዝ ይሄዳል። አንዲቷ ብቻዋን መራባት ስለምትችል አንድ ቀርታም አደጋ ነች። ቦታችሁን በብሩሽ ፈትጉና ሙሉ በሙሉ አድርቁት፣ ካልሆነም በፌስታል አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። ባለቤቴ ከሥጋውና ከበርበሬው አጠገብ ቦት ስታገኝ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ማን ማን እንደሆነ መለየት

ሶክአይ ይቀላል፤ ገላው ድልህ የመሰለ ቀይ፣ ጭንቅላቱ አረንጓዴ፣ ጥቁር ነጠብጣብ የለውም። ቸም ጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ወይን ጠጅና አረንጓዴ ሽርጥ አለው፤ ማቅለሚያ የተደፋበት ጨርቅ ይመስላል፤ ወንዱ ደግሞ የውሻ የሚመስል ጥርስ ያወጣል። ቺኑክ ትልቁ ነው፤ ነጠብጣቡ የጭራውን ላይኛውንም ታችኛውንም ግማሽ ይሞላል፣ ድዱ ጥቁር ነው። ኮሆ ነጠብጣቡ ጀርባውና የጭራው ላይኛው ግማሽ ላይ ብቻ ነው፤ ወንዱ ጎኑ ይቀላና አፉ እንደ ማጭድ ይታጠፋል። ፒንክ ትንሽና ጀርባው የጎበጠ ነው፤ እዚህ በብዛት የሚመጣው እንደ 2023 እና 2025 ባለ ጎዶሎ ዓመት ነው፤ ስለዚህ በ2026 ፒንክ አየሁ የሚል ሰው እንደገና ይይ።

አንድ የሚያሳስተን አለ፤ ካትስሮት ትራውት። እሱ ዓመቱን ሙሉ እዚያው የሚኖር የወንዙ ነዋሪ ነው። ገላው ሙሉ ነጠብጣብ ነው፣ አገጩ ሥር ቀይ ጭረት አለው፤ እንቁላል ለመልቀም ሳልሞኖቹን ከኋላ ኋላ ይከተላል። ያነሰ ሳልሞን መስሏችሁ እንዳትቆጥሩት።

ካልለያችሁት "ያልታወቀ" ብላችሁ ጻፉ። ይህ ውርደት አይደለም። የሚያሳፍረው ጎረቤታችሁ ኮሆ ነው ስላለ ኮሆ ብሎ መጻፍ ነው።

ቆጠራው ራሱ

በ1990ዎቹ አጋማሽ ኪንግ ካውንቲ ውስጥ የተጀመረው የሳልሞን ተመልካቾች ፕሮግራም ለበጎ ፈቃደኛው የሰጠው ሥራ ቀላል ነበር፦ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ያው ቦታ፣ 15 ደቂቃ። እኔም እስካሁን የምሠራው በዚሁ ነው።

እንደ ደረሳችሁ ወዲያው መቁጠር አትጀምሩ። ከድልድዩ ጫፍ ትንሽ ወደ ኋላ ቁሙ፣ ጥላችሁ ውኃው ላይ አይውደቅ። ሁለት ደቂቃ ዝም በሉ። ቀኑን፣ የጀመራችሁበትን ሰዓት፣ አየሩን፣ ባለፈው አንድ ቀን ዝናብ መዝነቡን፣ ውኃው ጠርቶ ወይ ደፍርሶ ታች መታየት አለመታየቱን ጻፉ። ከዚያ ሰዓቱን ያዙና ከዓይናችሁ ፊት ያለችውን ቁራሽ ወንዝ ብቻ ተመልከቱ። ወደ ላይ የሚሄደውን፣ አንድ ቦታ የቆመውን፣ የሞተውን ለየብቻ መዝግቡ። አንዱ ዓሣ ወጥቶ ወርዶ ተመልሶ ቢወጣ አንድ ነው።

ዓሣውን በቀጥታ መፈለግ አይሠራም። የውኃውን አካሄድ እዩ። ውኃ ድንጋይ ላይ ሲያልፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይታጠፋል፤ ዓሣ ሲኖር መታጠፊያው ይንቀሳቀሳል።

ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ነች። ከባሕር ዳር ልትጠይቀን መጥታ አንድ ቀን ፓይፐርስ ክሪክ ይዣት ሄድኩ። እኔ መነጽሬን አድርጌ፣ ሰሌዳዬን ይዤ ውኃው ላይ አፍጥጬ ምንም አላይም። እሷ በነጠላዋ ተጠቅልላ ቆማለች።

"ያውና፣ ከግንዱ ሥር" አለችኝ።

"የቱ ጋ እማዬ?"

"አንተ ደሞ ዓይን የለህም? ውኃው ሲተነፍስ አታየውም?"

ሦስት ነበሩ። ጣና ዳር ያደገ ሰው በዚህ አይታማም። በክረምት እነዚያ ነጭ ዓሣ የሚባሉት ከሐይቁ ተነሥተው ጉማራን ሽቅብ ሲወጡ ታውቃለች፤ እነሱም እንደ ሳልሞን ጠጠር ላይ ነው የሚወልዱት። የኛዎቹ ግን ወልደው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። እነዚህ ከወለዱ በኋላ ሁሉም እንደሚሞቱ ስነግራት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። "ይህን ሁሉ መንገድ መጥተው? ባለቤትስ የላቸውም?" አለች። አላቸው አልኳት፤ የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ እነ ሙክልሹት፣ እነ ሱኳሚሽ። ዳኛ ቦልት በ1974 በፈረደው መሠረት ከሚጠመደው ዓሣ ግማሹ የነሱ ድርሻ ነው። "ግማሹን ብቻ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚያ ቀን አንድ ስሕተትም ሠርተናል። ሰዓቱን እማዬ እንድትጽፍ ሰጥቻት "3 ሰዓት" ብላ ጻፈች፤ ጠዋት ነበር። ያ ፎርም ቢሄድ ኖሮ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ይመዘገብ ነበር። ስለዚህ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ጠዋት ወይም ከሰዓት ብላችሁ ጻፉ። ቀኑም እንደዚሁ፣ ወሩ ይቀድማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ምንም ካላያችሁ ዜሮ ጻፉ።

በመጀመሪያው ዓመቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ እየሄድኩ ምንም ሳላይ ተመለስኩ። ምን ይጻፋል ብዬ ፎርሙን ባዶ ተውኩት። ወቅቱ ሲያልቅ የቡድናችን አስተባባሪ ደውላ "እነዚያ ሦስት ሳምንታት ሄደህ ነው ያጣኸው ወይስ አልሄድክም?" አለችኝ። ሄጃለሁ አልኳት። ስንት ቀን? የትኞቹ ቀናት? ውኃው ምን ይመስል ነበር? አላስታውስም። ስለዚህ እነዚያ ቀናት ተጣሉ። ዓሣው በዚያ ዓመት የዘገየው ከታች በግንድ መንገድ ተዘግቶበት እንደሆነ ለማወቅ የሚያስፈልጉት ደግሞ እነዚያው ቀናት ነበሩ። ብርድ ላይ የቆምኩበት ሁሉ ከንቱ ቀረ። ዓሣ ስታዩ ለመጻፍ ማንም አይቀድማችሁም፤ ባዶ ውኃ አይቶ ቁጭ ብሎ ዜሮ የሚጽፍ ሰው ነው የሚፈለገው።

ሌላ የሚመዘገብ ነገር ጎጆ ነው። ሴቷ በጎኗ ትተኛና በጭራዋ ጠጠሩን እየደበደበች ትቆፍራለች። ጭራዋ ጫፉ ተልጦ ነጭ ሆኖ ካያችሁ ሥራ ላይ ነበረች ማለት ነው። የቆፈረችው ቦታ አረንጓዴው ዝልግልግ (አልጌ) ስለሌለበት ከዙሪያው ጠጠር ነጣ ብሎ ይታያል፤ ከመሶብ ሊያንስም ምንጣፍ ሊያክልም ይችላል። በውስጡ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል አለ። አትርገጡት።

ሞቶ ስታገኙት

ወልዶ የሞተ ሳልሞን ጤነኛ ነገር ነው። እዚያው ይበስብስ። ነፍሳቱም፣ አሞራውም፣ ዛፉም፣ በጸደይ የሚፈለፈለውም ልጁ የሚበላው ከሱ ነው። ይሸታል፤ ቢሸትም ተዉት። ውሻ ካላችሁ ግን በገመድ ያዙት። ጥሬ ሳልሞን የበላ ውሻ በዓሣው ውስጥ ባለ ጥገኛ ትል በሚመጣ በሽታ ሊሞት ይችላል፤ ከበላባችሁ ምልክት ሳትጠብቁ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ሳይወልድ የሞተው ነው ሌላ ጉዳይ።

ሎንግፌሎ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ኦክቶበር መጨረሻ ነው፣ ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ አድሯል። ጠዋት አንዲት ኮሆ ውኃው ላይ ተንሳፍፋ ክብ ትዞራለች። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የደረቷ ክንፎች እንደ ተዘረጋ እጅ ግትር ብለዋል። ዳሩን ትመታለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትመታለች። ከዚያ በጎኗ ወደቀች። አንድ ሰዓት አልፈጀም። ሥልጠናና ፈቃድ ያላት የቡድናችን መሪ ሆዷን ከፈተችው። አተር የሚያክል ብርቱካንማ እንቁላል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶታል። አንዱንም አልጣለችም። ማንም ምንም አላለም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲያትል ወንዞቿን ጠግና ኮሆ ሲመለስ ነው ይህ ነገር በግልጽ የታየው። በከተማ ወንዞች ውስጥ ከሚመለሱት ኮሆዎች ከ40 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ሳይወልዱ ይሞቱ ነበር። አጠገባቸው ያለው ቸም ግን ምንም አይሆንም። ለብዙ ዓመት ምክንያቱ አልታወቀም። ነዳጅ ነው ተባለ፣ ብረት ነው ተባለ፣ ፀረ ተባይ ነው ተባለ። በዲሴምበር 2020 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲና የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው መልሱን አወጡት፤ የመኪና ጎማ። ጎማ ቶሎ እንዳይሰነጣጠቅ 6ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ይገባበታል። እሱ አየር ላይ ካለው ኦዞን ጋር ሲገናኝ 6ፒፒዲ-ኪኖን ወደሚባል ሌላ ነገር ይለወጣል። የጎማው ብናኝ አስፋልቱ ላይ ተጠራቅሞ ይቆይና የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጠርጎ ወንዙ ውስጥ ይከተዋል። ኮሆው ደግሞ ሽቅብ ለመውጣት የሚጠብቀው ያንኑ ዝናብ ነው።

ይህን ስሰማ የመጣልኝ ነገር ቢኖር ጎማ ቤቱ ነው። እኔ ጎማ ቶሎ ቶሎ እለውጣለሁ፣ ሥራዬ ነውና። ያለቀውን ጎማ አውልቀው አዲሱን ሲገጥሙልኝ የማስበው ዋጋውን ብቻ ነበር። ያለቀው ግን የት ሄደ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። መንገድ ላይ ነው የቀረው። በዌስት ሲያትል በኩል ስንቴ እንዳለፍኩ አትጠይቁኝ።

ሥራዬን አልተውኩም፤ ቤተሰብ አለኝ። የጎማውን ንፋስ ግን በየወሩ አስለካለሁ፣ ድንገተኛ ፍሬንና ቤንዚን መርገጥ ቀንሻለሁ፤ ጎማው ይቆይልኛል፣ ብናኙም ይቀንሳል። ኬሚካሉን ከጎማ ማውጣት የፋብሪካዎችና የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ በ2023 የዩሮክ፣ የፑያለፕና የፖርት ጋምብል ስክላላም ነባር ሕዝቦች ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ብለው ጥያቄያቸው ተቀባይነት አግኝቷል። እስከዚያው አንድ የሚሠራ ነገር አለ። የመንገዱ ጎርፍ ወደ ወንዙ ከመግባቱ በፊት በአሸዋና በኮምፖስት አፈር ውስጥ ተጣርቶ ካለፈ ኮሆው አይሞትም። ግቢ ያላችሁ የጣሪያችሁንና የመኪና መግቢያችሁን ውኃ ወደ እንደዚህ ያለ የአትክልት ጉድጓድ መምራት ትችላላችሁ።

ለቆጣሪው የሚቀረው ይህ ነው። እየታመመ ያለ ዓሣ ካያችሁ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ ዝናቡ መቼ እንደጀመረ ጻፉ። ውኃ ውስጥ ገብታችሁ ልታድኑት አትሞክሩ፣ አይድንም። የሞተ ካገኛችሁ ቦታውንና ዓይነቱን መዝግቡ። ሆዱን መክፈት ፈቃድ ላለው ሰው ይተውለት። ጭራው የተቆረጠ ሬሳ ካያችሁ ሌላ ቡድን ቆጥሮታል ማለት ነው፣ ድጋሚ አትቁጠሩት።

ውኃውን መለካት

ይህ ከዓሣው ያነሰ ደስታ አለው፣ ግን ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። ቴርሞሜትሩን ጥላ ባለበት፣ ውኃው በሚንቀሳቀስበት ቦታ ሁለት ደቂቃ አቆዩት፤ ስታነቡት ከውኃው አታውጡት። ሴልሲየስ ይሁን ፋራናይት ከቁጥሩ አጠገብ ጻፉ፤ 15 ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው ወንዙን በረዶ አደረገው ማለት ነው። በጋ ላይ ከ18 ሴልሲየስ ሲያልፍ ለሳልሞን ይከብደዋል። ቡድናችሁ የኦክስጅንና የአሲድነት መለኪያ ከሰጣችሁ መጀመሪያ መሣሪያው መስተካከሉን አረጋግጡ፤ ያልተስተካከለ መለኪያ ካለመለካት ይብሳል።

መለኪያ ከሌላችሁ ነፍሳቱ ይነግሯችኋል። ከቡድናችሁ ጋር ሆናችሁ፣ ጎጆ በሌለበት ጊዜና ቦታ አንድ ድንጋይ ገልብጡ። ሁለት ጭራ ያለው ጠፍጣፋ ነገር ሲሮጥ ካያችሁ ስቶንፍላይ የሚባለው እጭ ነው፤ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ ካላገኘ አይኖርም። ሦስት ጭራ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ሜይፍላይ ነው። አንዱ ደግሞ ጥቃቅን ጠጠር እያጣበቀ ቤት ሠርቶ ቤቱን ለብሶ ይሄዳል፤ ልጄ ይህን ባየ ቀን ወደ ቤት አንሄድም አለኝ። ትልና ቀንድ አውጣ ብቻ ካገኛችሁ ወንዙ ደህና አይደለም። አይታችሁ ድንጋዩን እንደነበረ መልሱት።

ውኃው ላይ አረፋ፣ ዘይት ወይም እንግዳ ሽታ ካያችሁ ፎርሙን አትጠብቁ፤ ፎቶ አንሡና ወዲያው ለከተማው የፍሳሽ ጥቆማ መስመር ደውሉ። ቁጥሩን ወቅቱ ሳይጀምር ስልካችሁ ውስጥ አስገቡት።

ከዚያ በኋላ

ፎርሙን በዕለቱ ላኩ። ነገ እልከዋለሁ ያላችሁት ወረቀት መኪና ወንበር ሥር ነው የሚገኘው፤ እኔ ጋ አሁንም አንድ ሁለት ሳይኖር አይቀርም። ፎቶ አንሥታችሁ አስቀሩ። ሰው ሊተካችሁ ካልቻለና አንድ ቀን ከቀራችሁ "አልሄድኩም" ብላችሁ ጻፉ፤ ዜሮና አልሄድኩም አንድ አይደሉም።

እንቁላሉ የዚህን አገር ክረምት ጠጠር ውስጥ ያሳልፋል። በጸደይ፣ ለፋሲካ አካባቢ፣ ዳር ዳሩን ውኃው በሚረጋበት ቦታ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። የጣት አንጓ የምታክል፣ ዓይን ብቻ የምትመስል ነገር ትር ብላ ድንጋይ ሥር ትገባለች። እስከዚያ ድረስ ቦቱ ፍሪዘር ውስጥ ይቆይ፣ ጠጠሩም ላይ አትውጡ።